ምዕራፍ አራት፦ ነዶውና ቋጠሮው

አክስቴ የምትኖረው ሰባታሚት ነው፤ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ልነሣ ነው፣ ቡና አፍይልኝ» ብዬ መልእክት ላክሁላት። አራት ሰዓት ላይ ስደርስ ከሰሉ አልተቀጣጠለም፤ የእሷም ፊት ጠቁሯል። «ትናንት መጣሁ ብለህ ቀርተህ ዛሬ ትመጣለህ?» አለችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። ከመልእክቴ ሥር በደቃቃ ቁጥር «9:00» ይላል። ገና አራት ሰዓት ነው፤ ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት የትናንቱ ካልሆነ የየትኛው ቀን ሊሆን ነው?

አክስቴ አልተሳሳተችም። ቁጥሩን ያነበበችው እናቷም፣ ጎረቤቷም፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰዓት በሚቆጥርበት መንገድ ነው። የተሳሳተው ቁጥሩን የጻፈው ነው። እሱስ ማን ነው? «አፑ ነዋ» ብለን ልናልፈው እንችላለን። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አንድ አፕ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የላኪውን ፎቶ የሚያሳየው አንድ ቁራጭ ነው፤ ጽሑፉን በሳጥን የሚያቅፈው ሌላ፤ ያቺን «9:00» የጻፈው ደግሞ ሌላ፣ ከሁሉም ያነሰ ቁራጭ። ዴቨሎፐሮች እንዲህ ያለውን ቁራጭ ኮምፖነንት ይሉታል። አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ በተፈለገበት ቦታ ሁሉ ይጠራል። ይህ ምዕራፍ የመወያያ አፕ ገጽ ከእነዚህ ቁራጮች እንዴት እንደሚገጣጠምና የአክስቴ ቅሬታ የት ቦታ ላይ እንደሚፈታ ያሳያል።

ደንገል፣ ነዶ፣ ቋጠሮ

ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ለዚህ ምዕራፍ እንግዳ አይሆንም። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሠራል። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በገመድ ይጠፈራሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የለበትም። ነዶው ያው ነዶ ነው፤ ጥቂቱ ሲጠፈር ለአንድ ዓሣ አጥማጅ የሚበቃ ጠባብ ታንኳ፣ ብዙው ሲጠፈር እንጨት የሚጭን ሰፊ ታንኳ ይወጣዋል። ሠሪው ለእያንዳንዱ ታንኳ አዲስ ጥበብ አይፈጥርም፤ የሚያውቀውን ነዶ በሚያውቀው ቋጠሮ ያያይዛል።

በሶፍትዌር ዓለም ይህን ሐሳብ ቀድመው በግልጽ ካነሡት አንዱ ዳግላስ ማክኢልሮይ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በጀርመን ጋርሚሽ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ ሌላው ኢንዱስትሪ ዝግጁ ክፍሎችን ገዝቶ እንደሚገጣጥም ሁሉ ሶፍትዌርም በብዛት ከሚመረቱ ዝግጁ ክፍሎች መገንባት አለበት ሲል ተከራከረ። ሐሳቡ ወደ ስልካችንና ኮምፒውተራችን ገጽ በሰፊው ለመድረስ ብዙ ዓመታት ፈጀ። ፌስቡክ ውስጥ ጆርዳን ዎክ የጀመረው የገጽ መሥሪያ፣ ሪአክት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት ሲሆን፣ ገጽን በኮምፖነንት ማሰብ የዴቨሎፐሮች የዕለት ቋንቋ ሆነ። የጉግል ፍላተርም በዚያው መንገድ ሄዶ ቁራጮቹን «ዊጀት» ብሎ ጠራቸው።

ይሁንና ነዶ ብቻውን ታንኳ አይሆንም። በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል 12 ቶን ያህል የጣና ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ደንገሉ ከእኛ፣ እጁ ከቻድ፣ ንድፉ ከጥንታውያን ግብፃውያን ሥዕል ነበር። ራ ከሞሮኮ ተነሥታ በአትላንቲክ ላይ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደች፤ ነገር ግን የኋላ ክፍሏ እየሰመጠ መጣ፤ ባርቤዶስ ሳትደርስም ተሳፋሪዎቿ ጥለዋት ለመውጣት ተገደዱ። ጥፋቱ የደንገሉ አልነበረም። በግብፃውያን አሠራር የጀልባዋን ኋላ ወጥሮ ከፍ አድርጎ የሚይዝ አንድ ገመድ ነበር፤ ያ ገመድ በራ ላይ ቀርቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች የተሠራችው ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጀማሪ ዴቨሎፐር ሐሳቡ ሁሉ ነዶው ላይ ነው፦ ቁልፉ ያምራል? ሳጥኑ ክብ ነው? ገጹን ውቅያኖስ የሚያሻግረው ግን ቋጠሮው ነው፤ ማለትም አንዱ ቁራጭ ከሌላው ምን ይቀበላል፣ ምንስ ይመልሳል የሚለው ስምምነት።

የእድሩን ገጽ እንበትነው

በዚህ መጽሐፍ የምንሠራው ለአንድ እድር የሚሆን መወያያ ነው። ዳኛው ስብሰባ ይጠራበታል፣ ጸሐፊው መዋጮ ያስታውስበታል፣ ለቅሶ ሲደርስ መርዶው በዚያ ይሰማል። ኮድ ከመጻፋችን በፊት ወረቀት ላይ ሁለት ገጽ እንሣል። አንደኛው የውይይቶች ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው አንድ ውይይት ሲከፈት የሚታየው።

አሁን በእርሳስ እንክበብ። በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ ፎቶ፣ ስም፣ የመጨረሻው መልእክት ጅማሬ፣ ሰዓት፣ ያልተነበበ መልእክት ቁጥር አለው። ውይይቱ ሲከፈት ደግሞ ከላይ ፎቶና ስም፣ መሐል ላይ ቀኑን የሚለይ መስመርና የመልእክት ሳጥኖች፣ ከታች መጻፊያውና የመላኪያው ቁልፍ አሉ። ክበቦቹን ብንቆጥር ብዙ ናቸው፤ ዓይነታቸውን ብንቆጥር ግን ጥቂት። ፎቶው በረድፉ፣ ከላይ በርዕሱና ከሳጥኑ ጎን ሦስት ቦታ ይመጣል፤ መጠኑ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሰዓቱም በረድፉና በሳጥኑ ሥር ይመጣል።

እንግዲህ ፎቶውን አንድ ጊዜ እንሠራዋለን። ነገ «ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ይሁን» ቢባል አንድ ቦታ ለውጠን ሦስት ቦታ ይለወጣል። ኮዱን ሦስት ቦታ ገልብጠን ቢሆን ኖሮ ሁለቱን አስተካክለን ሦስተኛውን መርሳታችን አይቀርም። ገልብጦ መለጠፍ ዛሬ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገ ግን ስሕተቱን በሦስት ያባዛዋል።

የመልእክት ሳጥኑ ምን ይጠይቃል?

ከቁራጮቹ ሁሉ ዋናውን፣ የመልእክት ሳጥኑን፣ አንሥተን እንየው። ሳጥኑ ሥራውን ለመሥራት አምስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ጽሑፉ ምንድን ነው? የላከው ማን ነው? መቼ ተላከ? የእኔ ነው ወይስ የሌላ ሰው? መልእክቱ ምን ደረጃ ላይ ነው? ይኸው ነው። መልእክቱ ከየት ሰርቨር እንደመጣ፣ የእድሩ አባላት ስንት እንደሆኑ ማወቅ አያስፈልገውም። ሳጥኑ ብዙ በጠየቀ ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ ይዞት መሄድ ይከብዳል፤ ጥቂት ጠያቂ እንግዳ የትም ቤት ያድራል።

ከአምስቱ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚናቀው የመጨረሻው ነው። ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው መልእክት ወይ ተልኳል ወይ አልተላከም። እዚህ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ «ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» የሚለው ጥያቄ የቤተሰብ ጭንቀት ነበር። ስለዚህ የእኛ ሳጥን አምስት ደረጃ ይኑረው፦ በመጠባበቅ ላይ፣ ተልኳል፣ ደርሷል፣ ተነቧል፣ አልሄደም። «አልሄደም» ሲል ጽሑፉ እንዳለ ይቆይ፤ አጠገቡም «እንደገና ላክ» የሚል ይኑር። ሰው መስመር በጠፋበት ሰዓት የጻፈውን መርዶ አፑ ውጦበት እንደገና እንዲጽፍ ማድረግ ጭካኔ ነው። ይህንን አንድ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ በትክክል ከሠራነው፣ ሳጥኑ በገባበት ውይይት ሁሉ ይሠራል።

ቁጥሩ ሲዋሽ

ያልተነበበ መልእክት ቁጥር ሲታይ ቀላል ነው፤ ትንሽ ክብ፣ በውስጧ አንድ አኃዝ። ያቺ ክብ ግን ትልቁን ፌስቡክን አስቸግራለች። ኩባንያው በ2014 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጉባኤ ላይ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ችግሩን ተናገሩ። ተጠቃሚው «1» አዲስ መልእክት አለህ የሚል ምልክት ያያል፤ ሲከፍተው ምንም የለም። ይጠግኑታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል።

ምክንያቱ ቁጥሩ በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ቦታ መታየቱ ነበር፦ ከላይ ባለው ምልክት፣ ከታች በተከፈተው መወያያ፣ በመልእክቶች ገጽ። አንዱ ሌላውን፣ ሌላው ሦስተኛውን ይለውጣል፤ ተጠላልፈው ማን የማንን እንደለወጠ አይታወቅም። መፍትሔ ያሉት ቀላል ሥርዓት ነው፦ እውነቱ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነው፤ ከዚያ ወደ ኮምፖነንቶቹ ይወርዳል፤ ኮምፖነንት ለውጥ ሲፈልግ እርስ በርሱ አይነካካም፤ ወደዚያ ቦታ ጥያቄ ይልካል፤ አዲሱ እውነት እንደገና ለሁሉም ይወርዳል።

ይህን ለእድርተኛ ማስረዳት አይከብድም። መዋጮ የከፈለውና ያልከፈለው የሚታወቀው በጸሐፊው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ አባል የየራሱን ደብተር ይዞ «በእኔ ደብተር ከፍለሃል»፣ «በእኔ ደብተር አልከፈልህም» ቢባባል እድሩ በሳምንት ይፈርሳል። መዝገቡ አንድ ይሁን፤ የሚያነበው ሰው ብዙ ይሁን። ይህ ሥርዓት በቁራጮቹ መካከል ያለ ቋጠሮ ነው፤ የራን ኋላ ወጥሮ መያዝ የነበረበት ገመድ ማለት ነው።

ያልታጠበ ሲኒ

የእድሩ ውይይት ዓመት ሲሞላው ብዙ ሺህ መልእክት ይጠራቀምበታል። ርካሽ ስልክ ይህን ሁሉ ሳጥን በአንድ ጊዜ ልሣል ቢል ይደርቃል። ደግነቱ ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው አሥር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አፑ ለሚታዩት የሚበቁ ጥቂት ሳጥኖች ብቻ ይሠራል፤ ወደ ላይ ስንገፋ ከእይታ የወጣውን ሳጥን አንሥቶ አዲስ ጽሑፍ ሞልቶ ከታች ያመጣዋል። አንድሮይድ ለዚህ ሥራ ያለው መሣሪያ ሪሳይክለርቪው ይባላል።

ይህን የእኛ ሰው ረከቦት ላይ ያውቀዋል። ስድስት ሲኒ ይዛ ሙሉ ጎረቤት የምታስተናግድ እመቤት አለች፤ የጠጣው ሲኒውን ይመልሳል፣ ሲኒው ይታጠባል፣ ለሚቀጥለው ይቀዳል። ለሃያ እንግዳ ሃያ ሲኒ አያስፈልግም። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን ሲኒው ከታጠበ ነው።

አፕ ላይ ሲኒው ሳይታጠብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ብዙዎቻችን አይተናል። ዝርዝሩን በፍጥነት ስንገፋ የአንዱ ሰው ፎቶ ለአፍታ በሌላው ስም ላይ ብልጭ ይላል። ቀድሞ የነበረው ፎቶ ሳይጠረግ ሳጥኑ ለአዲሱ ሰው ተሰጥቷል፤ አዲሱ ፎቶ ከኢንተርኔት እስኪደርስ የበፊቱ አተላ ይታያል። በእድር መወያያ ላይ የሟች ፎቶ በሕያው ሰው ስም ላይ ብልጭ ቢል ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አስቡት። ስለዚህ ደጋግመን የምንጠቀምበት ኮምፖነንት ሁሉ አንድ ግዴታ አለበት፦ አዲስ ነገር ከመቀበሉ በፊት ያለፈውን ጠርጎ ያጥፋ፤ ፎቶው እስኪመጣም ባዶ ቦታ ወይም የስሙን ፊደል ያሳይ።

እስከ የት እንቆራርጥ?

ቁራጭ ጥሩ ነው ከተባለ፣ ለምን እስከ መጨረሻው አንቆራርጥም? ለዚህ ጥያቄ ከራሳችን ፊደል የተሻለ መምህር አላገኘሁም። 33 ፊደላት በ7 ዘር 231 ይሆናሉ፤ የታይፕራይተር ቁልፍ ግን ጥቂት ደርዘን ነው። የአማርኛ ታይፕራይተር ሲነሣ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ችግር ይህ ነበር። በአማርኛ ታይፕራይተር የተያዘው መፍትሔ ፊደሉን መቆራረጥ ሆነ፦ ዋናው ቅርጽ ለብቻ ይመታል፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ከላዩ ወይም ከጎኑ ይመታል። የጥቂት ቁራጮች ብልህ ቅንብር ነው፤ ለአሥርት ዓመታትም የመሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ በእሱ ተጽፏል። ነገር ግን የድሮ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ያስታውሳል፤ ቅጥያው ከፊደሉ ራቅ ብሎ ወይም ተደርቦ ይታያል። ቁራጩ ሲበዛ መጋጠሚያው ይበዛል፤ መጋጠሚያው ሲበዛ ስፌቱ ይታያል።

በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት፣ ዩኒኮድ፣ በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲያካትት ሌላ መንገድ ተመረጠ፤ እያንዳንዱ ፊደል ሙሉውን የራሱ ቁጥር አገኘ። የገበታው ሥርዓት ግን አልጠፋም፤ ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ነው። በመካከላቸው ሁልጊዜ ስምንት አለ፦ ሰባቱ ለሰባቱ ዘር፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላሉት። ቅርጹ ሳይቆራረጥ ሥርዓቱ ተጠብቋል።

ትምህርቱ ለገጻችን ይሠራል። አብረው የሚለወጡ ነገሮች አብረው ይኑሩ። ጽሑፉና ሳጥኑ ተነጣጥለው ሁለት ኮምፖነንት ቢሆኑ ሁልጊዜ አብረን መጥራት፣ ሁልጊዜ ማስተካከል ሊኖርብን ነው፤ አይነጣጠሉ። ፎቶው ግን ያለ ሳጥኑም ይታያልና ለብቻው ይቁም።

ከሌላ ቤት የመጣ ቁራጭ

ዛሬ ማንም ዴቨሎፐር ሁሉን ከባዶ አይሠራም፤ ዝግጁ ኮምፖነንቶችን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ደግ ሥራ ነው። ቢሆንም ቁራጭ የተሠራበትን ቤት ልማድ ይዞ ይመጣል።

የስሙን ፊደል የሚያሳየውን ፎቶ ውሰዱ። ሰው ፎቶ ከሌለው ዝግጁው ኮምፖነንት ከስሙ የመጀመሪያውን ፊደል ያሳያል። ጸሐፊው የእድርተኛውን ዝርዝር እንደ ልማዱ «ወ/ሮ እገሊት»፣ «አቶ እገሌ» ብሎ ሲያስገባ ሴቶቹ ሁሉ «ወ»፣ ወንዶቹ ሁሉ «አ» ሆነው ይደረደራሉ። ኮምፖነንቱ ማዕረግን ዘሎ ስሙን እንዲያነብ ማስተማር አለብን።

ሰው በመጻፍ ላይ ሲሆን የሚታየውን ማሳወቂያ ውሰዱ። ጾታም አክብሮትም በግሡ ላይ ከማይታይበት ቋንቋ ሲመጣ አንድ ቃል ይበቃዋል። በአማርኛ ግን «እየጻፈ ነው» ወይስ «እየጻፈች ነው» ወይስ «እየጻፉ ነው»? የእድሩን ዳኛ በአንተ መጥራት ነውር ነው፤ እናትን በወንድ ግሥ መግለጽ ደግሞ ስሕተት። ኮምፖነንቱ ለእያንዳንዱ ሰው ጾታና ዕድሜ ይጠይቅ ካልን ቋጠሮው ይወሳሰባል። ቋንቋችን ራሱ መውጫ አለው፦ «በመጻፍ ላይ»። ማንንም አያስቀይምም፣ ምንም ተጨማሪ ነገር አይጠይቅም።

ወደ ሰዓቷ እንመለስ። የሰዓቷ ኮምፖነንት የምትቀበለው አንድ ነገር ነው፤ መልእክቱ የተላከበትን ቅጽበት። የምትመልሰው አጭር ጽሑፍ ነው። በመካከል ያለው ስሌት ቀላል ነው፦ በ24 ሰዓት ከተቆጠረው ላይ 6 ቀንስ፤ የቀረው ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 12 ጨምር፤ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንስ። 9:00 ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ 20:00 ሁለት ሰዓት፤ 1:00 ሰባት ሰዓት። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳልና ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ከፊቱ ይግባ። ቀኑን የሚለየው መስመርም በዚያው መንፈስ 13 ወር ይወቅ፤ ጳጉሜን 5 ሲሆንም 6 ሲሆንም አይደናገር።

ሁሉም ሲደመር በጣት የሚቆጠሩ መስመሮች ናቸው። ነገር ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ በትክክል ሠርቶ ለሁሉም ክፍት ቢያደርጋቸው፣ ለእድር፣ ለእቁብ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤት መወያያ የሚሠራ ሁሉ ያነሣቸዋል። ለእኔ የኮምፖነንት ትልቁ ተስፋ ይህ ነው። የቴክኖሎጂ ጥገኝነታችንን ስናስብ ሙሉ አፕ አለመሥራታችን ያሳስበን ይሆናል፤ ከዚያ ቀድሞ ግን እነዚህ ትንንሽ ነዶዎች ይቀሩናል። ሰዓቷን፣ ስሙን፣ ፊደሉን፣ አክብሮቱን የሚያውቁ ቁራጮች ካሉን፣ የተቀረውን ከየትም ብናመጣው ታንኳው የእኛን ውኃ ያውቃል።

የእድሩን መወያያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርሁት በአክስቴ ስልክ ላይ ነው። የቀየርሁት ኮምፖነንት አንድ ብቻ ነበር፤ ዝርዝሩም ላይ፣ በሳጥኖቹ ሥርም ሰዓቱ አብሮ ተቀየረ። በሌላ ቅዳሜ ከባሕር ዳር «ልነሣ ነው» ብዬ ላክሁ፤ ከሥሩ «ጠዋት 3:00» ይላል። ሰባታሚት ስደርስ የቡናው ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። አክስቴ ሲኒውን አቀበለችኝ፣ የመንገዱን ጠየቀችኝ፣ የእናቴን ጠየቀችኝ። ስለ ሰዓቱ አንድም ነገር አላነሣችም።